ለፖርትሬት (ለሰው መልክ ፎቶ) 50 ሚሊ ሌንስ ልግዛ ወይስ 85? ክፍሌ ጠባብ ነው

የጣና ዳር ልጅ፦

ጤና ይስጥልኝ፣ የሙያ ወንድሞቼና እህቶቼ። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ፎቶ ማንሳት ከጀመርኩ ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ። መጀመሪያ የጓደኞቼን ምርቃት በነጻ ነበር የማነሳው፤ አሁን ልደት፣ ክርስትናና ጉርድ ፎቶ በክፍያ እሠራለሁ። ካሜራዬ ካነን 250ዲ ነው፣ ሌንሴ ደግሞ አብሮት የመጣው ከ18 እስከ 55 ሚሊ የሚሄደው ዙም (18-55) ብቻ ነው። ከጥር ጀምሮ ከማገኘው ላይ እየቆጠብኩ የአንድ ሌንስ ገንዘብ አጠራቅሜያለሁ። ሁለተኛ ለመግዛት ሌላ ዓመት መጠበቅ ስላለብኝ በዚህኛው መሳሳት አልፈልግም።

ነገሩን ያስጀመረኝ የእናቴ ፎቶ ነው። በፋሲካ ሰሞን ቡና ስታፈላ ደረስኩ። በመስኮቱ የገባው ብርሃን ግራ ጉንጯ ላይ አርፎ፣ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወረድ ብሎ፣ በጣም አምራ ነበር። ቤቱ ጠባብ ስለሆነ ሌንሱን ሰፊ ቦታ ወደሚያስገባው ወደ 18 መልሼ፣ ረከቦቱን አልፌ፣ ተጠግቼ አነሳኋት። አሳትሜ ስሰጣት ብዙ ጊዜ ዝም ብላ አየችው። ከዚያ አፍንጫዋን በጣቷ እየነካካች «ልጄ፣ እኔ እንዲህ ነኝ?» አለችኝ። ተቆጥታ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ግን አዝና ነው የጠየቀችኝ። ፎቶው ላይ አፍንጫዋ ገዝፏል፣ ጆሮዎቿ ወደ ኋላ ሸሽተዋል፣ ግንባሯ ወደ ፊት ወጥቷል። እናቴን የሚያውቅ ሰው እሷ ናት አይልም።

ሌንስ የሚሸጥ ሰው ጋ ሄጄ ስጠይቅ «የፖርትሬት ሌንስ 85 ነው፣ ሌላው አይሆንም» አለኝ። ስለ ካሜራዬም ስለ ክፍሌም አልጠየቀኝም። ሌሎች ደግሞ 50 ይበቃሻል ይሉኛል። የምሠራባት ክፍል ርዝመቷ 5 ሜትር፣ ስፋቷ 3 ሜትር ነው። ጫፉ ላይ ግራጫ ጨርቅ ሰቅያለሁ፤ በሩ ከጨርቁ ትይዩ ነው፣ ሲከፈት ቀጥታ መንገድ ነው። ቅዳሜና እሑድ ደንበኞቼን ወደ ሐይቁ ዳር ይዤ እወጣለሁ፣ እዚያ የቦታ ችግር የለም። ምን ትመክሩኛላችሁ?


ሙሽራ አንሺ፦

እህቴ፣ ዓይንሽን ሳታሺ 85 ግዢ። እኔ አዲስ አበባ ሰርግ ነው የምሠራው። እንጦጦ ፓርክም ሆነ ወዳጅነት ፓርክ ሙሽሮችን ይዤ ስወጣ ከ85 ሌላ አልሰቅልም። ጀርባው እንደ ቅቤ ይቀልጥልሻል፣ ፊት ያምራል። 50 ገዝተሽ ቆይተሽ ደግሞ 85 ከምትገዢ አንዴ ጨርሺው።


የድሮው ፎቶ ቤት፦

ልጄ፣ የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እንድመልስልሽ ያደረገኝ የእናትሽ ጥያቄ ነው። ደሴ ላይ ከ30 ዓመት በላይ ፎቶ ቤት ሠርቻለሁ፤ እንዲያ ብሎ የጠየቀኝን ሰው አልረሳም። ሰው ልብሱን ቀይሮ፣ ጸጉሩን አበጥሮ፣ ገንዘቡን ከፍሎ ሲመጣ የራሱ ያልሆነ ፊት ሰጥቶ መመለስ ከባድ ነው።

አስቀድመሽ አንድ ነገር ያዢልኝ። የእናትሽን አፍንጫ ያገዘፈው 18 ሚሊው ራሱ አይደለም፣ መጠጋትሽ ነው። ከአፍንጫ ጫፍ እስከ ጆሮ በግምት 12 ሳንቲ ሜትር አለ። ካሜራሽ ከአፍንጫዋ 50 ሳንቲ ላይ ሲሆን ከጆሮዋ 62 ሳንቲ ላይ ነው። ስለዚህ አፍንጫዋ ከጆሮዋ አንጻር ሩብ ያህል ገዝፎ ይወጣል። 2 ሜትር ላይ ቆመሽ ቢሆን ግን 200 እና 212 ነው፤ ልዩነቱ ከመቶ 6 ብቻ ስለሆነ ፊቱ እኛ በዓይናችን የምናውቀው ፊት ይሆናል። ሰው ስናወጋ የምንቀመጠውም እንዲሁ ሜትር ተኩልም ሁለት ሜትርም ርቀን ነው። የዘመድን መልክ የምናስታውሰው ከዚያ ርቀት ነው።

ሌንስ የሚያደርገው ከቆምሽበት ሆኖ ስንቱን ከርክሞ እንደሚያስገባ መወሰን ነው። 18 ሚሊ ብዙ ስለሚያስገባ፣ ጉርድ ልታነሺበት ስትይ ግማሽ ሜትር ድረስ ያስጠጋሻል። ጥፋቱ የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው። አይመስለኝም ካልሽ ሞክሪው፦ እህትሽን ወንበር ላይ አስቀምጪ፣ 2 ሜትር ላይ ቆመሽ በ18 አንሺ፣ ከቦታሽ ሳትነቃነቂ በ55 ድገሚ። ከዚያ የ18ቱን ኮምፒውተር ላይ ቆርጠሽ ከ55ቱ ጋር እኩል አድርጊው። ጥራቱ ይወርድ ይሆናል፤ ፊቱ ግን አንድ ነው።

እኔ በወጣትነቴ የያዝኳት ያሺካ ማት 124ጂ ነበረች፣ ሌንሷ 80 ሚሊ፣ የማይፈታ። ጉርድ ፎቶ ፈላጊ ሲመጣ በርጩማው ላይ አስቀምጬ ሁለት ሜትር ያህል እርቃለሁ። ኔጋቲቩ ላይ ሰውየው ከነጉልበቱ ነው የሚወጣው። ማታ ጨለማ ክፍል ገብቼ ማጉያውን ከፍ አደርግና ራሱንና ትከሻውን ብቻ ወረቀቱ ላይ አወርዳለሁ፣ የቀረው ከወረቀቱ ውጭ ይፈስሳል። አፍንጫው ገዝፎ የወጣ ደንበኛ አልነበረኝም። ያን ጊዜ ምክንያቱን አላውቀውም ነበር፤ ያስተማረኝ ሰው እንዲያ ስላደረገ ነው ያደረግኩት።

አሁን ወደ ሻጩ ሰውዬ ቃል ልምጣ። 80 ሚሊ በእኔ ያሺካ ላይ ሙሉ ቁመና በ3 ሜትር ያስገባልኝ ነበር፣ ምክንያቱም በ120 ፊልም ላይ የምታነሳው ካሬ ጎኑ 56 ሚሊ ሜትር ነው። ያው 80 ሚሊ በአንቺ ካነን ላይ ቢሰቀል ለዚያው ሰው 7 ሜትር ተኩል ያስርቅሻል፤ የካሜራሽ ሴንሰር፣ በፊልም ፈንታ ብርሃኑን የሚቀበለው ማለቴ ነው፣ ረጅም ጎኑ 22.3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ቁጥሩ አንድ ሆኖ ሥራው ሌላ ነው። 85 ለፖርትሬት የሚባለው ከ35 ሚሊ ፊልምና ዛሬ ፉል ፍሬም ከሚሉት፣ ሴንሰሩ የዚያን ፊልም ያህል ከሆነው ካሜራ ጋር ተያይዞ ነው፣ እዚያ ላይ እውነት ነው። እንደ አንቺው ባለ ትንሽ ሴንሰር ካነን (ክሮፕ በሚሉት) ላይ ግን በ1.6 አባዢው፦ 50 እንደ 80 ይሆንልሻል፣ 85 ደግሞ እንደ 136። የሙሽራ አንሺ ልጄ ምክር ለራሱ ካሜራ ትክክል ነው፤ ምን ዓይነት ካሜራ እንደያዝሽ አይቶ ቢሆን ኖሮ ሌላ ይልሽ ነበር።

ሒሳቡ ቀላል ነው። እንዲገባልሽ የምትፈልጊውን ቁመት በሌንሱ ሚሊ አባዝተሽ በ22.3 አካፍዪ፣ የምትቆሚበትን ርቀት ይሰጥሻል፤ ካሜራውን በቁሙ ይዘሽ፣ ረጅም ጎኑን ወደ ላይ አድርገሽ ስታነሺ ማለቴ ነው። ለራስና ለትከሻ 60 ሳንቲ ይበቃል፤ በ50 ሚሊ 1 ሜትር ከ35፣ በ85 2 ሜትር ከ30። ከወገብ በላይ 1 ሜትር በይው፤ በ50 2 ሜትር ከ25፣ በ85 3 ሜትር ከ80። ሙሉ ቁመና ከነትርፉ 2 ሜትር ከ10 ነው፤ በ50 4 ሜትር ከ70፣ በ85 8 ሜትር።

ክፍልሽ 5 ሜትር ነው አልሽ። ግን 5 ሜትር የለሽም። ደንበኛውን ከጨርቁ አንድ ሜትር ወደ ፊት ካላመጣሽው ጥላው ጨርቁ ላይ ይወድቃል፣ የጨርቁም ጭምትርታ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ለራስሽ ገላና ለካሜራው ደግሞ ግማሽ ሜትር። የቀረሽ 3 ሜትር ተኩል ነው። ከላይ ካሉት ቁጥሮች የትኞቹ በዚህ ውስጥ እንደሚገቡ አንቺው ቁጠሪ።

ሌላም አለ፣ ይሄኛው በሒሳብ አይገኝም። አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ከገጠር ለመታወቂያ መጡ። በሕይወታቸው ፎቶ ተነሥተው አያውቁም። በርጩማው ላይ እንደተቀመጡ ትንፋሻቸውን ውጠው ቀሩ፣ እጃቸው ዱላቸውን አንቆ። ሁለት ሜትር ላይ ስለነበርኩ ድምፄን ሳላነሳ ስለ በሬዎቻቸው ጠየቅኳቸው። አንዱ በሬ እግሩ ታሞ እንደነበር ሊነግሩኝ ሲጀምሩ ትከሻቸው ወረደ፣ ዓይናቸው ተከፈተ፣ ያን ጊዜ የካሜራውን ቁልፍ ነካሁት። የተጣመመ ኮሌታቸውንም አንድ እርምጃ ተራምጄ በእጄ አቃንቼላቸዋለሁ። 8 ሜትር ላይ ሆኜ ቢሆን እጮኽባቸው ነበር። ሰው ሲጮኽበት ፊቱ ይዘጋል።

እንግዲህ ገንዘብሽን ገና አታውጪ። ሜትርና ፕላስተር ይዘሽ ወለሉ ላይ ምልክት አድርጊ፣ በየምልክቱ ቁሚበት። ከዚያ ያየሽውን ጻፊልኝ።


ሙሽራ አንሺ፦

ጋሼ ልክ ብለዋል። የእኔ ፉል ፍሬም ነው፣ የምሠራውም ሜዳ ላይ ነው። እህቴ ይቅርታ፣ ካሜራሽን ጽፈሽው ነበር፣ ቸኩዬ አላስተዋልኩትም። አንድ ነገር ልጨምር፦ እስካሁን ያነሳሻቸውን ፎቶዎች ኮምፒውተር ላይ ከፍተሽ ዝርዝራቸውን ብታዪ በስንት ሚሊ እንደተነሱ ተጽፎ ታገኚዋለሽ። ራስሽ ወደሽ የትኛው ላይ እንደምታዘወትሪ ከዚያ ይታወቃል።


ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

ሰላም እህት ዓለም። እኔ እዚህ አሜሪካ የሐበሻ ሰርግና ክርስትና አነሳለሁ። በርቀቱ ላይ ጋሼ ጨርሰውታል፤ እኔ አዲስ ሌንስ የሚገዛ ሰው ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት የሚወድቅበትን ልንገርሽ። ኤፍ 1.8 ነው፤ የሌንሱ ቀዳዳ እስከ ጥግ ሲከፈት ማለት ነው፣ ቁጥሩ ሲያድግ ቀዳዳው ይጠብባል።

85ቱን የገዛሁ ጊዜ ሁሉንም በኤፍ 1.8 ነበር የማነሳው። አንድ ክርስትና ላይ እናትየዋ ሕፃኑን ታቅፋ፣ ጉንጯን ጭንቅላቱ ላይ አስደግፋ ቆማ ነበር። ከዚያ የተሻለ ቅጽበት በዚያ ቀን አልነበረም። ቤት ገብቼ ሳሰፋው የእናትየዋ ሽፋሽፍት አንድ በአንድ ይቆጠራል፣ ሕፃኑ ግን ደመና ነው። በፉል ፍሬም፣ በ85፣ በኤፍ 1.8፣ ጉርድ በሚያስገባ ርቀት ላይ ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት 3 ሳንቲ ገደማ ብቻ ነው። በአንቺ ካሜራ በ50 ተመሳሳይ ጉርድ ስታነሺ 5 ሳንቲ ያህል ይሆንልሻል፣ ይሻላል፣ ግን እሱም ከዓይን እስከ ጆሮ አይደርስም። ለአንድ ሰው ኤፍ 2.8፣ ለሁለት ሰው ኤፍ 4 አድርጊና ሁለቱን ትከሻ ለትከሻ በአንድ መስመር አቁሚያቸው። ፎከሱን ሁልጊዜ ወደ አንቺ የቀረበው ዓይን ላይ። የእናትየዋን ፎቶ ለቤተሰቡ አልሰጠሁም፣ አሁንም ትዝ ሲለኝ ይቆጨኛል።

ደግሞ ነጠላና ሐበሻ ቀሚስ ክፈፉን ሲሞላው ካሜራው ነጩን አይቶ ብርሃኑን ይቀንሳል፣ ፊት ይጠቁራል። የፊቱን ብርሃን ለክተሽ አንሺ። ከጥያቄሽ ውጭ ነው፣ ግን የእናትሽን ነጠላ ስትጠቅሺ አላስቻለኝም።


የጣና ዳር ልጅ፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እርስዎ እንዳሉት አደረግኩ። ታናሽ እህቴን ከጨርቁ አንድ ሜትር አቁሜ፣ ከእግሯ ጀምሬ ሜትሩን ዘርግቼ፣ በየርቀቱ ወለሉ ላይ ፕላስተር ለጠፍኩ። 1.35፣ 2.25፣ 2.30፣ 3.80 እያልኩ ስሄድ 3.80ው ላይ ጀርባዬ በሩን ነካ። የ50 ሙሉ ቁመና 4 ሜትር ከ70 ከደፉ አልፎ ውጭ አረፈ። የ85ቱ 8 ሜትር ደግሞ ከእግረኛው መንገድ አልፎ አስፋልቱ ላይ ነው የወጣው። እዚያ ቆሜ በበሩ በኩል እህቴን ሳያት ባጃጅ በመካከላችን አለፈ። ሻጩን ሰውዬ አምኜ 85 ገዝቼ ቢሆን ደንበኛዬን ከክፍሌ ውስጥ አቁሜ እኔ መንገድ ላይ ነበር የምሆነው።

የ18ና የ55ቱንም ሞከርኩት። እውነት ነው፣ ቆርጬ ጎን ለጎን ሳደርጋቸው እህቴ ራሷ የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት አቃታት። ከዚያ በ18 ግማሽ ሜትር ድረስ ተጠግቼ አንድ አነሳሁ፤ የእናቴ ፎቶ ላይ ያየሁት ፊት እህቴ ላይ ወጣ። አሁን ገባኝ።

የፎቶዎቼን ዝርዝርም አየሁት። ሐይቁ ዳር ያነሳኋቸው አብዛኞቹ 55 ላይ ናቸው። ቤት ውስጥ ደግሞ ወይ 18 ወይ 35 አካባቢ።

ሁለት ነገር ልጠይቅዎት። 50 ከገዛሁ ለጉርድ 1 ሜትር ከ35 ነው የሚያቆመኝ፤ እርስዎ ያሉት ግን ሁለት ሜትር ነው። አይቀርብም? ሁለተኛው፣ ሙሉ ቁመና በክፍሌ ውስጥ የሚፈልግ ደንበኛ ሲመጣ ምን ላድርግ?


የድሮው ፎቶ ቤት፦

ደግ አደረግሽ። የመንገዱን ነገር ስትነግሪኝ በሩ ላይ የቆምሽ ያህል ታየኝ።

1 ሜትር ከ35 አያበላሽም፤ ከመቶ 9 ያህል ልዩነት ነው፣ የሚከፋ ፊት አይወጣም። አፍንጫው ጎላ ያለ ወይም ፊቱ ቀጠን ያለ ሰው ሲመጣ ግን ወደ 2 ሜትር ሽሺና ዙሪያውን ትርፍ ትተሽ አንሺ፣ በኋላ ቁረጪው። እኔ በማጉያ የማደርገውን አንቺ በኮምፒውተር ታደርጊዋለሽ። ካሜራሽ 24 ሜጋ ፒክስል ነው፤ ከሦስት እጅ ሁለቱን እጅ ብታስቀሪ ረጅሙ ጎን ወደ 4000 ፒክስል ይተርፍሻል። ለጉርድ ቀርቶ ግድግዳ ላይ ለሚሰቀልም ይሆናል።

ለሙሉ ቁመና 18-55ቱ አለሽ፣ አትሽጪው። 35 ላይ አድርጊው፣ 3 ሜትር ከ30 ነው፣ በሦስት ሜትር ተኩልሽ ውስጥ ይገባል። ካሜራውን ወደ እምብርት ቁመት ዝቅ አድርጊ፤ ከዓይን ቁመት ወደ ታች አዘንብለሽ ካነሳሽ እግር ያጥራል። ከዚያ በታች ወደ 24 ወደ 18 የምትወርጂው ቤተሰብ በጅምላ ሲመጣ ብቻ ነው። ያኔም ሕፃናቱንና ወፈር ያለውን ሰው ዳር አታድርጊ፣ ዳር የቆመ ይለጠጣል።

ስለዚህ 50 ግዢ። 85 ለሐይቁ ዳር ያምርሻል፣ እውነት ነው፤ ሰርግ ሲገጥምሽ ለአንድ ቀን ከሚያከራይ ሰው ተከራዪው። ሥራው ሲገባሽና ሲመላለስ ያን ጊዜ ትገዢዋለሽ።


የጣና ዳር ልጅ፦

ገዛሁት፣ 50 ኤፍ 1.8። ትንሽዬ ናት፣ ከቅለቷ የተነሳ ካሜራው ላይ ያለች አይመስልም።

ትናንት ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ እናቴ ቤት ሄድኩ። ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሶ ነበር። በዚያው መስኮት፣ በዚያው ጎን። ዙሙ ስለሌለ ወደ ኋላ ማለት ነበረብኝ፤ ጀርባዬ ቁም ሳጥኑን እስኪነካ ሸሸሁ፣ ሁለት ሜትር ሊሆን ትንሽ ሲቀረው። ኤፍ 2.8፣ ብርሃኑን ከፊቷ ለካሁት። ስለ ጎረቤታችን ልጅ ምርቃት እያወራችኝ ሲኒውን ልታነሳ ስትል ነው የነካሁት።

ዛሬ ጠዋት አሳትሜ ሰጠኋት። መነጽሬን አምጪልኝ አለች፣ አድርጋ አየችው፣ ከዚያ «ይቺ ሽበት መቼ ወጣች?» ብላ ጠየቀችኝ። ስለ አፍንጫዋ ምንም አላለችም። አሮጌውን ከመሳቢያው አውጥቼ ልቅደደው ብላት እምቢ አለች፣ ሁለቱንም ወሰደቻቸው።

ጋሼ፣ ፕላስተሩን ከወለሉ አላነሳሁትም። 2 ሜትሩ ላይ ያለው ጥቁር ነው፣ ሌሎቹ ነጭ።


የድሮው ፎቶ ቤት፦

ጥቁሩ አይነሳ። በርጩማውን ደግሞ ወደ መስኮቱ ሁለት ስንዝር ጠጋ አድርጊልኝና አንድ ጉርድ አንስተሽ ላኪልኝ፣ ብርሃኑን ልየው።